የደቻቱ ልክ

«ቆራሌው!» ሲል ሰማሁ፣ ገና ሳይሞቅ ቀኑ፤
ጠራሁት፤ ገባ ጋሪው ከነሚዛኑ።
ሸምሱ ይባላል፣ ልጅ ነው፣ አፉ የበሰለ፤
የአባቴን የሽቦ አልጋ ዞረና «አቦ» አለ፣
«ይሄማ ያዘመመ ነው፣ በዚህ በግርጌው፤
እንደ አልጋ ማን ይገዛዋል? በኪሎ ልውሰደው።»

ዝም አልኩ።
ምን ልበለው?

ድሮ ግንቦት ሲገባ፣ ቆርቆሮው ሲነድ በሌሊት፣
ማን ነበር ቤት የሚያድር? ከሽማግሌ እስከ አሮጊት
ሰፈሩ አልጋውን ጎትቶ ግቢው ላይ ይተኛል፤
ሳል ያለበት ይስላል፣ ሐሜት ያለበት ያማል፤
ከአጥር ወዲያ ዘይቱና በእንቅልፏ ታወራለች፣
ያበደረችንን ብር አንድ በአንድ ትቆጥራለች።
የእኛ ግቢ ግን ዘቅዝቆ፣ ወደ ደቻቱ፣
ስንንሸራተት ነበር የሚያልፈው ሌሊቱ፤
እኔና ታናሼ፣ አንዳችን ካንዳችን ላይ፣
ጭንቅላታችን ወንዝ ውስጥ፣ እግራችን ሰማይ።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው፣ ሙሴ ዘርጋው ይሉታል፤
ፉርጎ ሲጠግን ኖሮ ብረት ያናግረዋል።
አንድ ምሽት ከወርክሾፕ መጋዝ ይዞ መጣ፣
ከጆጉ ውኃ ቀዳ፣ ብርጭቆ አወጣ፤
ጠርዙ ላይ አስቀምጦ፣ ውኃውን እያየ፣
የግርጌውን እግሮች አራት ጣት ላይ ለየ።
እናቴ «አልጋዬን ገደልከው» ስትል አለቀሰች፤
በማግስቱ ግን፣ ፀሐይ ወጥታም፣ ተኝታ አረፈደች።

ይህን ለሸምሱ ብነግረው ዋጋ ይጨምር ይሆን?
ሚዛኑ ላይ ወግ አይወጣ፣ ብረት ነው የሚመዘን።

አሁን ማን ደጅ ያድራል? ቬንቲሌተሩ ይዞራል፤
አባቴም ካለፈ ሁለት ግንቦት ሆኗል።
እህቴ ከታይዋን ሱቅ፣ ፍራሹ የተነባበረ፣
አዲስ አልጋ አመጣች፣ የአባቴ ተባረረ፤
ልብስ ማስጫ ሆነ፣ ከዚያ ዶሮ ሰፈረበት፣
ከዚያ ደግሞ ቤተሰቡ ላያየው ተስማማበት።

«ስምንት መቶ» አለ ሸምሱ።
«ሺህ» አልኩት፣ ለወጉ ያህል።
ስምንት መቶ ሃምሳ ቆጠረ፤
አንዱ ኖት ተቀዶ በፕላስተር የተጣበቀ።
ሲያወጣው በሩን ጫረው፤
ጭረቱ አሁንም አለ።

ሰኔ ላይ ቀፊራ ወረድኩ፣ ማንጎ ልገዛ።
ከጨርቅ ተራው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በኩል፣
አንዲት ሴት ማንጎዋን ታሳድዳለች፣ ይንከባለላል፤
አንዱን ይዛ ሳትመልስ ሌላው ይወርዳል፣
ከሥር ያደፈጠች ፍየል ትቀበለዋለች።
«እስኪ አላህ ያሳያችሁ! ይሄ አልጋ ጂኒ አለበት፤
ከገዛሁት ጀምሮ አንድ ማንጎ አልቆመበት!»

አወቅሁት።
በቀለሙ፦ አረንጓዴ፣ የፉርጎ ቀለም፣
መገጣጠሚያው ሥር ገብቶ የቀረ።
ሽቦው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፋበታለች፤
እግሮቹ ጫፍ ላይ ግን
የአባቴ መጋዝ ጥርሱ አሁንም ይታያል።

«ስምሽ ማነው?»
«ሚስኪ።»
«ሚስኪ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ፤ እናዙረው።»
«ዞረም አልዞረም፣ አልጋ ያው አልጋ ነው!»
አለች፤ ግን ያዘች።
አጭሩን ወደ ዳገት፣ ረጅሙን ወደ ደቻቱ፣
አዞርነው፣ አስቀመጥነው፣ እንደ ጥንቱ።

አንድ ማንጎ አኖረች።
ጠበቀች።
ፍየሏም ጠበቀች።
ሁለተኛ ጨመረች፤ ሦስተኛ፤ ከዚያ ሙሉ ቅርጫቱን ገለበጠችው፤
አንዱም ንቅንቅ አላለም።

«በምን አወቅህ?» አለችኝ።
ሙሴ ዘርጋው ብላት አታውቀው፤
ብርጭቆ ውኃ ብላት ጠማህ ወይ ትለኛለች።
«ሁለት ኪሎ» አልኳት ብቻ።

መዘነች። ቋጠረች። ብሬን ተቀበለች።
ከዚያ እጇን ወደ አልጋው መሀል ሰደድ አድርጋ፣
ድሮ እናቴ ከምታንቀላፋበት ቦታ፣
አንድ የበሰለ ማንጎ አነሣችና
መረቀችኝ።